የእትዬ እርሾ ሚዜዎች

በየቤተሰቡ የዓለምን ምሥጢር ሁሉ በገዛ ሙያው የሚፈታ አንድ ሰው አለ። «የእኛ ቤት የለም» የሚል ካለ፣ ሰውየው ራሱ ነው ማለት ነው። መካኒክ አጎት ያለው ትዳርን በፍሪሲዮን ይማራል። ልብስ ሰፊ አክስት ያለው ደግሞ የሰውን ጠባይ በውስጥ ስፌቱ እንዲያይ ይመከራል። ግንበኛ አማች የገጠመውማ ልጁን እስኪድር ድረስ ስለ መሠረትና ስለ ውኃ ልክ ሲሰማ ይኖራል።

ለእኔ የደረሱኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ክብርትነታቸው ከከተማው ጫፍ ባለ አንድ የእርሾ ፋብሪካ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አለ፤ በእሱ የሚጠራቸው ግን የለም። ቤተሰቡ «እትዬ እርሾ» ይላቸዋል። መጀመሪያ ከኋላቸው ነበር የምንለው። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ ፊት ለፊት አለቻቸው። ቤቱ ጭጭ ሲል እሳቸው ብቻ ፊታቸው በራ፤ ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ ከየት ይመጣል አሉ። ከዚያ ወዲህ ማዕረጉ ጸድቋል።

እርሾ ለእኔና ለእናንተ ሊጥ የሚያነሣው ነገር ነው። እሳቸው ፊት እንዲህ ማለት ግን ንጉሥን «ያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ» እንደማለት ነው። እርሾ ሕያው ፍጥረት ነው፤ መላ አካሉ አንዲት ሴል ብቻ። አፍ የላት፣ እግር የላት፣ ፀሐይ ሲበረታ የምትሸሽበት ጥላ የላት። በአንዲት የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ውስጥ፣ በምድር ላይ ካለው የሰው ልጅ ሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ይገባል። ይህን የነገሩኝ እጮኛዬን ልጠይቅ መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩ ቀን፣ ገና ወንበር ሳልይዝ ነው።

ጨዋታ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ወደ አንድ ጥያቄ ይታጠፋል፤ «ሴሏ ግን ምን ታደርጋለች?»

አንድ ጊዜ አብረን የተሳፈርንበት አውቶቡስ ዳገት ላይ ሞተሩ ፈላ። ተሳፋሪው ግማሹ ሾፌሩን ይራገማል፣ ግማሹ በመስኮት ሊዘል ያስባል። እትዬ እርሾ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ አጠገባቸው ለተቀመጡ አንዲት የማያውቋቸው ሴት፣ ሙቀት ሲመጣባት መሸሽ የማትችል ፍጥረት ምን እንደምታደርግ ያስረዱ ጀመር። ሾፌሩ ውኃ አፍስሶ፣ ጢሱ በርዶ፣ አውቶቡሱ ሲነሣ ትምህርቱ ገና አልተጋመሰም ነበር። ሴትየዋ መውረጃቸውን አልፈው ሄዱ። እስከ ዛሬ ከትሕትና ይሁን ከመመሰጥ አላውቅም።

ሌላ ጊዜ ትኩሳት ጥሎኝ ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ገባሁ። ባለቤቴ መድኃኒት ፍለጋ ስትራወጥ፣ እሳቸው አልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው ደስ ብሏቸው ያዩኛል። እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ ምንም አልቀራቸውም። በዚያች ደቂቃ የሰውነቴ ሴሎች የዕለት ሥራቸውን ገታ አድርገው፣ እርሾዋ ከምትሠራቸው ጋር ዘመዳሞች የሆኑ ፕሮቲኖችን እየሠሩ መሆኑን አበሠሩኝ። እኔ የፈለግኩት ቀዝቃዛ ጨርቅ ነበር።

እነዚህ ፕሮቲኖች ምንድን ናቸው ብዬ የጠየቅኩት በገዛ እጄ ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ቁርስ ሰዓት ነበር። ክብርትነታቸው መልስ በቃል አይሰጡም። ተነሥተው አንድ እንቁላል የጋለ መጥበሻ ላይ ሰበሩ።

«ነጩ ቅድም ምን ነበር?» አሉኝ።

ፈሳሽ ነበር አልኩ።

«አሁንስ?»

«ቁርስ» አልኩ። በሐዘኔታ አዩኝ።

ፕሮቲን ማለት ረጅም ክር ነው አሉ። ሥራውን የሚሠራው ግን በልኩ ሲታጠፍ ነው፤ ቁልፍ ጥርሱ ከተጣመመ በር እንደማይከፍተው ሁሉ። ሙቀት ሲበረታ እጥፋቱ ይላላል፣ ክሩ ይፈታል፣ የተፈታው ከተፈታው ጋር ይጠላለፋል። መጥበሻው ላይ የነጣው እሱ ነው። በዓይን የማትታየዋ ሴል ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ከውስጧ መጠበስ ትጀምራለች።

ያኔ ሴሏ ማደጉን ትተዋለች፣ መባዛቱን ትተዋለች። ደቂቃዎች ሳይሞሉ ያላትን አቅም ሁሉ አዙራ ልዩ ጠባቂ ፕሮቲኖች ትሠራለች። እትዬ እርሾ «ሚዜዎች» ይሏቸዋል። ሙሽራው ጉልበቱ ሲከዳው ክንዱን የሚይዙ፣ ከማይሆን ሰው ጋር እንዳይጠላለፍ መሐል የሚገቡ ናቸውና። አንዱ ሚዜ የላላውን ክር ደግፎ ያቆየዋል። ሌላው ከዚህም ይብሳል፤ የተቋጠረው ጓል ውስጥ ገብቶ፣ የተጠላለፈውን ክር አንድ በአንድ እየሳበ ያወጣና እንደገና የመታጠፍ ዕድል ይሰጠዋል።

«ይህን እንቁላል መልሰህ ፈሳሽ አድርገው ብልህ ትችላለህ?» አሉኝ ሳህኑን ወደኔ እየገፉ። «እሷ የራሷን ጥብስ ትፈታለች። ሁሉን አይደለም፤ ለመኖር የሚበቃትን ያህል።»

እንቁላሉን በላሁት። ግን አልዋሽም፣ ጉሮሮዬ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ነበር።

ክብርትነታቸው ከዚህ ሁሉ ያወጡት የሕይወት መመሪያ አንድ ነው፤ «መጀመሪያ ለብ ይበል።» እርሾዋን ከምትወደው ሠላሳ ዲግሪ አንሥተህ ድንገት አምሳ ውስጥ ብትጨምራት ታልቃለች። መጀመሪያ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ አንድ ሰዓት ካቆየሃት ግን ሚዜዎቿ ቀድመው ይደርሱላታል፤ ያው አምሳ ሲመጣ ከእሷ መሰል ሴሎች ብዙዎች ይተርፋሉ። በዚህ መሠረት እሳቸው ቤት መርዶም፣ ፈተናም፣ ከአማት ጋር መተዋወቅም ለብ ሳይል አይሆንም። እኔንም አለቃዬ ሊቆጣኝ እንደሆነ በሰማሁ ጊዜ፣ አስቀድሞ በትንሽ ነገር እንዳስቆጣው መከሩኝ። ታዘዝኩ። ለብ ብሎ አልቀረም። በምሠራበት ጋዜጣ ላይ ያለችኝን አንዲት ዐምድ ለአንድ ወር ተነጠቅኩ።

ስለዚህ ልናዘዝ። ለዓመታት እትዬ እርሾን ስሸሻቸው ኖሬአለሁ። ቤተሰብ ሲሰበሰብ ከእሳቸው ራቅ ያለውን ወንበር የምይዘው እኔ ነበርኩ። የፋብሪካቸውን በር አልፌ የማላውቀውም በአጋጣሚ አይደለም።

አልፌው የገባሁት ባለፈው በጋ፣ አንድ እሑድ ቀን ነው። ምሳ ልንበላ ስንል ስልካቸው ጮኸ። የፋብሪካው ዘበኛ ነበር። ከላቦራቶሪው የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ሰምቶ ቢገባ፣ ማሞቂያ ሣጥኑ ከልክ በላይ ግሏል፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ዘግቶታል፤ ምን ላድርግ ነው የሚለው። እትዬ እርሾ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ መንዳት አይችሉም። ባለቤቴ ወደኔ አየች። ቁልፌን አነሣሁ።

የግማሽ ሰዓት መንገድ ስለ ሴል አንድም ቃል አልነገሩኝም። የፈራሁት ያኔ ነው።

ነገሩን ቁርጥራጭ አድርገው የነገሩኝ ግቢው በር ላይ ስንደርስ ነው። የፋብሪካው ምርት ሁሉ የሚጀምረው ከአንዲት የዘር እርሾ ነው። እሷን ከፍሬ ልጣጭ ላይ ለይተው ያወጧት የላቦራቶሪው የመጀመሪያ ኃላፊ፣ የእትዬ እርሾ አስተማሪ ነበሩ። በትናንሽ የብርጭቆ ቱቦዎች ፍሪጅ ውስጥ ትቀመጣለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ፍሪጁ ተበላሽቶ መጠባበቂያው ሁሉ ሻገተ፤ ንጹሕ ሆና የተገኘች አንዲት ቱቦ ብቻ ነበረች። ከእሷ አሥር ቱቦ አራቡና ቅዳሜ ዕለት እንዲያድጉ ማሞቂያ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጧቸው። ሰኞ ወደ አዲሱ ፍሪጅ ሊያዛውሯቸው። እናትየዋም ልጆቹም እዚያው ናቸው። ሌላ የትም የለችም። እሳቸው ደግሞ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ቀርቷቸዋል።

ላቦራቶሪው ነጭ ሸክላ የተነጠፈበት ረጅም ክፍል ነው፤ የዳቦ ቤት ጠረን አለው። ቁም ሣጥን የሚያህለው ማሞቂያ ጥግ ላይ ቆሟል። ዘበኛው ገና ከማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ አልተንቀሳቀሰም፤ እጁን ቢያነሣ ተመልሶ የሚበራ መስሎታል መሰለኝ። እትዬ እርሾ በሩን ከመክፈታቸው በፊት ወደ ሣጥኑ ጎን ሄዱ። እዚያ ክብ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም ሙቀቱን እየተከተለ የሚጽፍ እስክሪብቶ አለ። መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት።

እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሠላሳ ዲግሪ ላይ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ሽቅብ ይላል፤ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ። እዚያ ላይ ሲዋልል ይቆያል። ከዚያ እንደ ገደል አፋፍ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ አምሳ አንድ። አሥራ ሁለት ደቂቃ እንደቆየ ዘበኛው ዘግቶታል።

ጣታቸው መልሶ መስመሩ ወደሚዋልልበት ወረደ። እዚያ ላይ ቆመ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ሰዓት ከሩብ ቆይተዋል» አሉ። ለእኔ አልነበረም፤ ለወረቀቱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከእኛ ኋላ ደረሰ። ክፉ ሰው አይደለም። በእሑድ ቀን ከቤተሰቡ ተነጥቆ የመጣ፣ ዘጠና ሠራተኛ ትከሻው ላይ ያለ ሰው ነው። ወረቀቱን አንድ ጊዜ አየና፣ ቱቦዎቹ ተጥለው ሣጥኑ እንዲጸዳ፣ እሱም በማግሥቱ ለሌላ ዘር ወደ ውጭ እንደሚጽፍ ተናገረ። አራት ወር ይፈጃል። እስከዚያ አብዛኛው ሠራተኛ ቤቱ ይቀመጣል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያለችው ዘር ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ እንዴት ልትገኝ እንደቻለች የሚገልጽ ሪፖርት መጻፉ እንደማይቀር አስታወቃቸው።

በኋላ እንደሰማሁት የሣጥኑ የሙቀት መቆጣጠሪያ እንዲጠገን እትዬ እርሾ ሦስት ጊዜ ጽፈዋል። ሦስቱም ደብዳቤዎች በሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ያን ቀን ይህን አላነሡም። ያሉት ሌላ ነው።

«መሞታቸውን ማን ነገረዎት?»

«አምሳ አንድ ዲግሪ እኮ ነው።»

«አምሳ አንድ ነው። ግን መጀመሪያ ለብ ብሎላቸዋል። እስከ ረቡዕ ይስጡኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ወረቀቱ፣ ወደ እሳቸው፣ እንደገና ወደ ወረቀቱ አየ። እስከ ረቡዕ ምሳ ሰዓት አለና ሄደ።

እትዬ እርሾ ነጭ ካፖርታቸውን ለበሱ። ለዓመታት ስለዚህ ክፍል ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ሲሠሩ አይቻቸው ግን አላውቅም። ስለ ጉልበታቸው የሚያማርሩት ሴትዮ ጠፉ። ከአንዲት ቱቦ በቀጭን ሽቦ ጫፍ ጫሩ፣ መስታወት ላይ በውኃ በጠበጡት፣ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረጉ፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገቡና ረጅም ጊዜ አጎንብሰው ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ቦታውን ለቀቁልኝ።

የሞተች ሴል ቀለሙን ዝም ብላ ትጠጣለች አሉኝ፤ ሕያዋ ግን አትቀበለውም፣ ጥርት እንዳለች ትቀራለች።

ዓይኔን አስጠጋሁ። መጀመሪያ ያየሁት የገዛ ሽፋሽፍቴን ነበር። ከዚያ ብርሃኑ ተስተካከለ። ክብ ክብ ነገሮች ሜዳውን ሞልተውታል፤ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ። ጦርነት ካለፈበት ሜዳ በላይ የቆምኩ መሰለኝ። ልቤ ወረደ። ለእርሾ ልቤ ይወርዳል ብሎ ማን አሰበ? መስታወቱን እሳቸው በቀስታ ወደ ግራ ገፋ አደረጉት። ሰማያዊ። አሁንም ሰማያዊ። ከዚያ በጠርዝ በኩል አንዲት ክብ መጣች፤ ቀለሙ ዙሪያዋን ከቧት፣ እሷ ግን እንደ ጠዋት ጤዛ ጥርት ብላ።

የእንቁላሉ ነገር አሁን ነው የገባኝ። ይህች የፀጉርን ውፍረት አንድ አሥረኛ የምታህል ፍጥረት፣ ከውስጧ ልትጠበስ ስትል በሩን ዘግታ፣ የተፈታውን እየደገፈች፣ የተጠላለፈውን እየፈታች ተቀምጣለች። ማንም አላስተማራት። አንጎል እንኳ የላት። የፋብሪካው ሰው ሁሉ ስለ መጣል ሲያወራ እሷ ሥራ ላይ ነበረች።

«ምን እያደረገች ነው?» አልኩ። በሹክሹክታ እንዳወራሁ የገባኝ ካልኩ በኋላ ነው።

«እየጠገነች» አሉኝ፤ እሳቸውም በሹክሹክታ።

ከመቶ ሦስት ያህል ጥርት ያሉ ቆጠሩ። ደስታዬን አይተው ግን ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሱብኝ። ቀለም አለመቀበል አንድ ነገር ነው፣ መውለድ ሌላ ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚያምነው የሚባዛ ነገር ሲያይ ብቻ ነው። እያንዳንዷ ሴል ለብቻዋ እንድትቀመጥ በብዙ ውኃ አቀጠኑና ክዳን ባላቸው የብርጭቆ ሳህኖች ላይ፣ የረጋ ምግብ ላይ ቀቧቸው። በሕይወት ያለች ሴል ልጅና የልጅ ልጅ ስታፈራ፣ ዘሯ ተሰብስቦ በዓይን የሚታይ ነጥብ ይሆናል።

ሰኞ ይዤአቸው ሄድኩ። ምንም የለም። ማክሰኞ የዐምዴን ጽሑፍ ማድረሻ ቀን ቢሆንም ይዤአቸው ሄድኩ። ባለቤቴ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ነው አልኳት። ማክሰኞም ምንም የለም። ጤነኛ እርሾ ቢሆን እስካሁን ይታይ ነበር ብለው ራሳቸው ነገሩኝ። የተጎዳች ግን መጀመሪያ ቤቷን ትጠግናለች፣ ከዚያ ነው የምትወልደው። ይህን ሲሉ ሳህኑን እንጂ እኔን አላዩም።

ረቡዕ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሥራ አስኪያጁ ገባ። ከኋላው ሦስት አራት ሠራተኞች በሩ ላይ ቆሙ፤ ማንም አልጠራቸውም። ሳህኖቹ ባዶ ይመስላሉ። እኔም ባዶ መሰሉኝ። እትዬ እርሾ አንዱን አንሥተው በመስኮቱ ብርሃን አንጻር ዘንበል አደረጉትና፣ ከኪሳቸው ትንሽ ማጉያ መነጽር አውጥተው ለሥራ አስኪያጁ ሰጡት። ራሳቸው ቀድመው አላዩም።

ሰውየው አጎነበሰ። ረጅም ጊዜ አጎነበሰ። ከዚያ ጣቱ ብርጭቆው ላይ አንድ ቦታ ነካች፤ ከዚያ ሌላ ቦታ። እየቆጠረ እንደሆነ ገባን። የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ፣ ወተት የመሰሉ ነጥቦች።

«አሥራ አንድ» አለ። ቀና ሲል ፊቱ የሌላ ሰው ነበር። «ከአሥራ አንድ ፋብሪካ ይነሣል?»

«ከአንዷም ይነሣል» አሉ እትዬ እርሾ።

በሩ ላይ ካሉት አንዲት ሴት ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ገብታ አቀፈቻቸው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ መነጽሬን ስጠርግ ቆየሁ።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ነጥቦቹ በማግሥቱ በሌሎቹም ሳህኖች ላይ ወጡ። በሦስተኛው ሳምንት ከእነሱ የተራባው እርሾ የከተማውን ሊጥ እንደ ድሮው ያነሣ ጀመር፤ አንድም ሠራተኛ ቤቱ አልተቀመጠም። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ራሱ ጻፈው፤ ሦስቱን ደብዳቤዎችም አብሮ አያያዘ። ክፉ ሰው አይደለም ብዬ የለ።

እኔ ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን የዚያን ረቡዕ መመለሻችንን ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ክብርትነታቸው አጠገቤ ተቀምጠው ካፖርታቸውን እቅፋቸው ላይ አጣጥፈዋል። በትዳር ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳልገደድ፣ ስለ እርሾ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ሙቀቱ ሲያልፍ ሚዜዎቹ ምን ይሆናሉ?

ወደኔ ዞሩ። በምን ዓይነት ደስታ እንዳዩኝ መግለጽ አልችልም።

«አብዛኞቹ ይሄዳሉ» አሉ። «ሴሏም ወደ ዕለት ኑሮዋ ትመለሳለች። ጥቂቶቹ ግን ምንጊዜም አይለዩዋትም። ደህና ቀንም ቢሆን የሚደገፍ አይጠፋም…»

ቀጣዩን ስጠብቅ ዝም አሉ። ራሳቸው ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል። ለካ ከእሑድ ጀምሮ እንቅልፍ ባይናቸው አልዞረም።

ቤታችን ደጃፍ ደርሼ ሞተሩን በቀስታ አጠፋሁ። ፀሐዩ በእሳቸው በኩል ገብቶ ጉንጫቸው ላይ አርፏል። መስኮቶቹን ዝቅ አደረግኩ፣ ኮቴን አወለቅኩ፣ እጄን ዘርግቼ እንዳልነካቸው ተጠንቅቄ በበራቸው በኩል ጋረድኩት። ባለቤቴ ከበረንዳው አይታን በስልክ ደወለች፤ ምሳው እየቀዘቀዘ ነው፣ ለምን አትወርዱም ነው የምትለው። ተኝተዋል አልኳት። ቀስቅሳቸው አለች።

ትንሽ ይተኙ አልኩ። ክንዴ ሲዝል ኮቱን ወደ ሌላኛው እጄ አዛወርኩት።